ኪራይ ቤትን በደማቅ ቀለም ማስዋብ፦ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ለተከራዩ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አንድ ክፍል ነው። ከአከራዩ ቤት ጀርባ ወይም ጎን በረድፍ ከተሠሩት አንዷ ትደርሰዋለች፤ የቆርቆሮ በር፣ አንድ መስኮት፣ የሊሾ ወለል፣ የአቡጀዲ ወይም የችፑድ ኮርኒስ። ግድግዳዋ ወይ ኖራ የተቀባ ነው፣ ወይ እስከ ወገብ ኦይል ቀለም፣ ከወገብ በላይ የደበዘዘ ክሬም። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ከአምባሰል ገጠር መጥቶ የሚማረው ተማሪ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ዓመታት ያሳልፋል። ግድግዳውን ግን እንዳገኘው ይተወዋል። ለምን ሲሉት «የሰው ቤት አይደል? የራሴን ስሠራ አሳምረዋለሁ» ይላል።

ይህን ሐሳብ አልቀበለውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለተዋሱት ጌጥ ይሠራል እንጂ ለሚያድሩበት፣ ለሚታመሙበት፣ እንግዳ ለሚቀበሉበት ክፍል አይሠራም። ኪራዩን በየወሩ እየከፈሉ ደስ በማይል ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ዓመት መቆየት ትልቅ ኪሳራ ነው። ቀለም ደግሞ ከቤት ማሳመሪያ ሁሉ ርካሹ ነው። አንድ ሶፋ በሚገዛበት ገንዘብ ክፍሉን ሙሉ ለሙሉ መለወጥ ይቻላል፣ ያውም ተርፎ።

እዚህ የምጽፈው መመሪያ የሚቆመው በአንድ መርሕ ላይ ነው። ደማቁን ቀለም በተቻለ መጠን ተጣጥፎ አብሮዎት በሚሄድ ነገር ላይ ያውሉት። ግድግዳ መቀባት ከፈለጉ በአከራይዎ ፈቃድ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ፣ እንዴት እንደሚመልሱትም አስቀድመው አውቀው ይቀቡ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በሐይቅ በኩል ሲያልፍ ስንቱ ቤተሰብ ዕቃውን ጥሎ እንደወጣ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ተከራይ በሰላሙም ጊዜ ቢሆን በአጭር ቀን ቤት ልቀቅ ሊባል ይችላል። ስለዚህ በአንድ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ የሚወጣ ጌጥ ለተከራይ ከሁሉ ይሻላል።

ክፍሉን ማየት

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። በእኛ ክፍሎች ቀን ቀን በሩ ክፍት ስለሚውል ዋናው ብርሃን የሚገባው በበር ነው፤ መስኮቷ ትንሽ ናት፣ እሷም ብዙ ጊዜ የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ደማቅ ቀለም የሚያምረው ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ከደጅ የሚመጣው ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት እሱ ነው፤ የሚገባ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በሩ ያለበት ግድግዳ ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ስለሚውል እዚያ ላይ የዋለ ቀለም ይባክናል። ምድጃ ወይም ቡታጋዝ የሚቀመጥበትም ጥግ ለዚህ አይሆንም፤ ጥላሸትና ቅባት ቶሎ ያበላሹታል።

ቀጥሎ ያሰቡትን ቀለም ይሞክሩት። ካለዎት ልብስ ውስጥ ለዚያ ቀለም የሚቀርበውን፣ ሻሽም ሆነ ሽርጥ ወይም አንሶላ፣ ያውጡና ግድግዳው ላይ ይስቀሉት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይዩት፣ ቀትር ላይ ይዩት፣ ማታ አምፖል አብርተውም ይዩት። የማታውን አይዝለሉ፤ ሠራተኛ ሰው ክፍሉ ውስጥ የሚቆየው በብዛት ማታ ነው። ነጭ ብርሃን የሚሰጠው አምፖል ቀይንና ብርቱካንን ያደበዝዛል፣ ሰማያዊንና አረንጓዴን ያጎላል። ቢጫ ብርሃን የሚሰጠው ደግሞ ቀዩን ያሞቀዋል፣ ሰማያዊውን ወደ ግራጫ ይወስደዋል። መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚያበሩ ከሆነም የሚያዩት ያንኑ የቢጫውን ብርሃን ውጤት ነው። ብዙ ሰው ቀለሙ አልሆነልኝም እያለ የሚጥለው አምፖሉን መለወጥ ሲገባው ነው።

ግድግዳውን መፈተሽ

ይህ ፍተሻ አሰልቺ ቢመስልም የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው። ደረቅ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ሸርተት አድርገው ይዩት። ነጭ ዱቄት ከያዘ ኖራ ነው። በኖራ ላይ ስኮች አይይዝም፣ ቀለምም እንዲሁ ከተቀባበት ከኖራው ጋር እየተላጠ ይወርዳል። የሚያብረቀርቅና ውሃ ሲረጩበት ጠብታው የሚንሸራተት ከሆነ ኦይል ቀለም ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ይታጠባል፣ የሚለጠፍ ነገርም ይይዛል። የማያብረቀርቅ ሆኖ ዱቄት የማይሰጥ ከሆነ ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ለመቀባት ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው።

የጭቃ ቤት ከሆነ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ልስኑ ከጭቃው ተላቅቋል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ሚስማር ከመቱ የእጅ መዳፍ የሚያህል ልስን ይዞ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቤት ጌጡን ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ በገመድ ማንጠልጠል ነው እንጂ ግድግዳው ላይ መምታት አይገባም።

የግድግዳውን እግር ሥርም ይመልከቱ። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነጭ የጨው ብናኝ ወይም የተነፋ ቀለም ካለ እርጥበት ከመሠረቱ እየመጣ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተቀባ እርጥብ ግድግዳ ሁለት ወር ሳይሞላው ይላጣል። ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው እስኪደርቅ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ መታገሥ ነው። አዲስ የተለሰነ ሲሚንቶም እንዲሁ ነው፤ አንድ ወር ያህል ሳይደርቅ ኦይል ቀለም ቢቀባ የሲሚንቶው ኬሚካል ቀለሙን ይበላዋል።

ከአከራይ ጋር መነጋገር

አከራዮች ቀለም የሚፈሩ ይመስለናል። አብዛኞቹ ግን የሚፈሩት ሳይነገራቸው መደረጉን ነው። ስለዚህ ቀለሙን ገዝተው ከመጡ በኋላ ሳይሆን ከመግዛትዎ በፊት ይንገሯቸው። የሚመቸው ሰዓት ቡና ላይ ነው፤ በአቦል አይቸኩሉ፣ ቶና ላይ ያንሱት። ወይዘሮ ከሆኑ «እትዬ»፣ መካ ደርሰው የተመለሱ ሽማግሌ ከሆኑ «ሐጂ» ብለው ይጀምሩ። ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስፈቅድዎት ነበር።»

«ምን ነው ልጄ?»

«ይቺን ከበሩ ፊት ለፊት ያለችውን ግድግዳ በራሴ ወጪ ልቀባት ፈልጌ ነበር። ሁለት ቀለም አመጣልዎታለሁ፣ እርስዎ ይመርጡልኛል። ስለቅ ነጭ አድርጌ ነው የማስረክብዎት።»

«ኧረ አብሽሪ፣ ብቻ ጥቁር እንዳታደርጊብኝ።»

ሁለት ቀለም አቅርቦ ማስመረጥ ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለቱንም እርስዎ ወደዋቸዋል፤ የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ግን የቤቱ ባለቤት ናቸው። የተሰነጠቀ ቦታ ካለ «እግረ መንገዴን እደፍነዋለሁ» ማለትም ልብ ያራራል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ የቀለሙን ወጪ ከኪራይ እንደሚቀንሱ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር አይቀንሱ። ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ከተስማሙ በኋላ አጭር ወረቀት ይጻፉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በሚኖሩበት ከተማ ተግባራዊ ሆነም አልሆነም፣ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። የትኛው ግድግዳ፣ ምን ቀለም፣ በማን ወጪ፣ ሲለቁ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በአራት መስመር ይሰፍራል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ክፍሉን በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ የነበረው ስንጥቅ በእርስዎ እንዳይላከክ ይረዳል።

አይሆንም ካሉዎትስ? አይከራከሩ። ከዚህ በታች ያለው የጨርቅና የስፌት ሥራ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ በእኔ ግምት ከቀለሙም የሚበልጥ ውጤት ይሰጣል።

ቀለም መምረጥ

ደማቅ ቀለምን የምንፈራው ባዕድ ስለሆነብን ሊሆን አይችልም። ሐይቅ ባለችበት ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደማቅ ቀለም ውስጥ ነው የኖረው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰጡት ባለሥዕል ወንጌል ተጠብቆ ይገኛል። በጥንታዊ የብራና ሥዕሎቻችን ላይ ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ግን እያንዳንዱ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ጠርዙም በጥቁር መስመር ይታጠራል። ዓይን የማይደክመው ለዚህ ነው። ክፍልም የሚበላሸው ቀለሙ ስለደመቀ አይደለም፤ ደማቁ ስለበዛና ስለተበጣጠሰ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሐምራዊ መጋረጃ፣ ብርቱካን ትራስ፣ ሰማያዊ ምንጣፍና አረንጓዴ የአልጋ ልብስ ካሉ እያንዳንዳቸው ቢያምሩም አብረው ይጮኻሉ።

ስለዚህ አንድ ቀለም ይምረጡና ለእሱ ሰፊውን ቦታ ይስጡት። ሁለተኛ ቀለም ካስፈለገዎት በጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ብቅ ይበል፤ በትራስ፣ በመጋረጃ ጠርዝ፣ በአንድ ስፌት። የቀረው ሁሉ ጸጥ ያለ ይሁን፤ የግድግዳው ነጭ፣ የሸማው ነጣ ያለ ቀለም፣ የእንጨቱ ቡኒ፣ የሣሩ ወርቃማ። የሐረሪን ባህላዊ ቤት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። መደቦቹ በቀይ ይቀባሉ፣ ግድግዳው ነጭ ይሆናል፣ ነጩ ላይ ያሸበረቁ ስፌቶች በረድፍ ይሰቀላሉ። ቀይና ነጭ ከሆነ በኋላ የስፌቱ ሽብርቅ ቦታውን ያገኛል። ከዚህ የበለጠ ድፍረት የሚፈልግ የሀላባን ቤቶች ያስታውስ፤ እነሱ ግድግዳን ከውስጥም ከውጭም በሰፋፊ ቅርጽ ይቀባሉ። ያ ግን የራስ ቤት ላለው ነው።

ለሐይቅ አየር የትኛው ይሻላል? ወይና ደጋ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በእኔ አስተያየት ሞቅ ያሉት ቀለሞች ለክፍሉ ይበልጥ ይስማሙታል፤ የሰናፍጭ ቢጫ፣ የሸክላ ቀይ፣ የበርበሬ ቀይ። ቢጫ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ መስኮቷ ለጠበበች ክፍል ከሁሉ ይመረጣል። ቀይ በአልጋ ራስጌ በኩል ሲሆን ያምራል፤ ተኝተው በሚያፈጡበት ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ይከብዳል። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ክፍል ያጠባል ሲባል ይሰማል፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ብቻ ሲሆንና ጎኖቹ ነጭ ሲሆኑ ግን ግድግዳው ወደ ኋላ የራቀ ይመስላል፣ ክፍሉም ይረዝማል። አንድ ማሳሰቢያ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን በእኩል መጠን ከዋሉ የሚታየው ሰንደቅ ዓላማ ነው። ያንን ካልፈለጉ ከሦስቱ አንዱን ይተዉት።

ጨርቅ፦ ዋናው መሣሪያ

ከበር መጋረጃ ይጀምሩ። እዚህ አገር የኪራይ ክፍል በር መጋረጃ የሌለው የለም፤ ብዙ ጊዜ ግን ከገበያ ያገኙት ስስ ነገር ነው። ደማቁን ቀለም እሱ ላይ ቢያውሉት ከግቢውም ከውስጥም ይታያል። ወፈር ያለ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ጨርቅ ይሁን፤ አበባ አበባ ያለበት ከሩቅ ይደበዝዛል። ከታች ሁለት ስንዝር ያህል በሌላ ቀለም ቢቀጠልበት መጋረጃው ክብደት ያገኛል፣ ነፋስም አያንገላታውም።

ቀጥሎ ግድግዳውን የሚያለብስ ጨርቅ ነው። 3 ሜትር ስፋት ላለው ግድግዳ ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ጨርቅ ሁለት ቁመት ይበቃል፤ ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን በድምሩ 5 ሜትር ጨርቅ መሆኑ ነው። ሐይቅ ከተማ ያሉት ሱቆች የሚፈልጉት ቀለም ከሌላቸው ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። የሰኞ ገበያ የሚመቸው ሰው ደግሞ ባቲ ይውረድ፤ ከአፋር በኩል የሚመጣው ባለቀለም ሽርጥ እዚያ ምርጫው ብዙ ነው። ሁለት ሽርጥ በቁመት ሲጋጠም ጥሩ የራስጌ ጨርቅ ይወጣዋል። ከመግዛትዎ በፊት ነጭ መሐረብ አርጥበው ጨርቁን ፈተግ ያድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ይተዉት፤ ነጩን ግድግዳ ያበላሻል።

ልብስ ሰፊው ጋ ወስደው ከላይ በኩል እንደ ቱቦ ያሰፉት፣ ቀጭን ሞራሌ ወይም የመጋረጃ ብረት እንዲገባበት። ያንን እንጨት ግድግዳው ላይ በሁለት ወይም በሦስት ሚስማር መያዝ ነው። ሙሉ ጨርቅ በሦስት ቀዳዳ ብቻ ተሰቀለ ማለት ነው፤ ሲለቁ የሚደፍኑት እነዚያን ብቻ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ የኮንክሪት ሚስማር ይጠቀሙ። ከታች ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ወለሉ ሲታጠብ እንዳይነከር፣ ከኋላውም አየር እንዲያልፍ። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ገለጥ አድርገው ሻጋታ አለመኖሩን ይዩ። የአቡጀዲ ኮርኒስ ላይ ምንም አይስቀሉ፤ ይቀደዳል።

ጨርቁን በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ የሚለጥፉ አሉ፤ ቀደም ሲል ጋዜጣ ይለጠፍ እንደነበረው። በኦይል ቀለም ላይ በእርግጥ ይይዛል፣ በውሃ ሲያርሱትም ይለቃል። እኔ ግን አልመክርም። የዱቄት ሙጫ በረሮና አይጥ ይጠራል፣ በኖራ ግድግዳ ላይም ሲነሳ ኖራውን ይዞ ነው።

የአልጋ ልብሱ ከግድግዳው ጋር እንዳይወዳደር ነጭ ወይም ሸማ መሰል ይሁን። የግድግዳው ቀለም በአንድ ትራስ ላይ ቢደገም ይበቃል። ከሰል የሚያቀጣጥሉበት፣ ሻማ የሚያቆሙበት ቦታ ከጨርቁ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከሰልማ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከነአካቴው መቀጣጠል የለበትም።

አለላ

ስለ ቀለም ሲነገር ዓይናችን ወደ ሱቅ ይሄዳል እንጂ በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ስፌት አያይም። በቀለም የተነከረው ሣር፣ አለላው፣ በእኛ አካባቢ ሴቶች እጅ ያለ የቀለም ሀብት ነው። ሣሩ በፈላ ውሃ ውስጥ ከማቅለሚያው ጋር ይቀቀላል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ከዚያ ሰፊዋ በወስፌ እየበሳች ዙሩን ታጠባብቃለች። አንድ ሰፌድ አንሥተው ቀረብ አድርገው ይዩት። ከመሐሉ አንድ ነጥብ ተነሥቶ ዙሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሐምራዊው ሲጀምር ጠርዙ አይደበላለቅም፣ በአንድ ስፌት ላይ ተቆጥሮ ይቆማል፣ ቀጥሎ አረንጓዴው ይገባል። ሰፊዋ ዙር በዙር እየቆጠረች ነው ቅርጹን ያወጣችው። ይህን የሚያህል ሥራ ከእህል ማበጠሪያ ጋር ተደርቦ በር ጀርባ መንጠልጠሉ ይቆጨኛል።

ስፌት ሲመርጡ ጀርባውን ይዩት። ጥሩ ሰፊ የሠራችው ከጀርባውም ንጹሕ ነው፣ ሣሩ ወጣ ወጣ አይልም። ዙሩን በሁለት አውራ ጣት ጫን ሲሉት የማይከፈት መሆን አለበት። ደማቁ ግድግዳዎ ቢጫ ከሆነ ሐምራዊና አረንጓዴ የበዛበትን ይምረጡ፤ ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ቀይና ብርቱካን የበዛበት ይጎላል። ነጭ ግድግዳ ሁሉንም ይቀበላል። ከተቻለም ያለቀውን ከመግዛት ይልቅ ሰፊዋን አግኝተው በሚፈልጉት ሁለት ቀለም ይዘዙ። ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋውንም በጣም አይከራከሩ፣ የብዙ ቀን ድካም ነው።

አሰቃቀሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስፌቶቹን ወለል ላይ ዘርግተው ይደርድሯቸው። ትልቁን መሐል አያድርጉት፣ ወደ አንድ ጎን ሸሸት ያድርጉት፤ ትንንሾቹ ከሌላው ጎን ይመዝኑታል። በመካከላቸው አራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ሲወዱት በስልክ ፎቶ አንሥተው በዚያ መሠረት ይስቀሉ። የትልቁ ስፌት መሐል በቆመ ሰው ዓይን ልክ ይሁን፤ ብዙ ሰው ከፍ አድርጎ ኮርኒስ ሥር ይሰቅላል፣ ያኔ ጌጡ ከክፍሉ ይለያል። ከጀርባው በወፍራም ክር ቀለበት ሰፍተው አንድ ትንሽ ሚስማር ላይ ያንጠልጥሉት። ግድግዳው ኖራ ወይም የተላቀቀ ልስን ከሆነ ከላይኛው እንጨት ሲባጎ አውርደው ሁለትና ሦስቱን በአንድ ገመድ ላይ መደርደር ይቻላል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታበት ቦታ ይራቅ፤ አለላ በፀሐይ ይደበዝዛል።

መቀባት ከተፈቀደ

ከሁሉ የምመክረው ከወገብ በታች ያለውን ብቻ መቀባት ነው። የብዙ ክፍሎች ግድግዳ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ኦይል ቀለም አስቀድሞ አለው፤ መስመሩም ተሠርቷል። ያንን የደበዘዘ ግራጫ ወይም ቡኒ በደማቅ አረንጓዴ ወይም በሸክላ ቀይ መተካት ብቻ ነው። ላዩ ነጭ ስለሚቀር ክፍሉ አይጨልምም፣ የሚቆሽሸውም ክፍል ይታጠባል፣ አከራይም አይደነግጡም። 3 በ4 የሆነ ክፍል ከወገብ በታች ያለው ስፋት የበሩ ሲቀነስ 13 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

ሌላው የቆርቆሮ በሩ የውስጥ ገጽ ነው። ከውጭ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ተቀብቶ ከውስጥ ግን ዝገት መከላከያው ብቻ ያለበት በር ብዙ ነው። ማታ ሲዘጋ ያ ሰፊ ገጽ ክፍሉ ውስጥ ትልቁ ሥዕል ይሆናል። ትንሽ ጣሳ ኦይል ቀለም ይበቃዋል።

ሙሉ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 4 ሜትር በ2.5 ሜትር 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁለት ዙር ሲቀባ 20 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን 2 ሊትር ይበቃል፤ ሻካራ ግድግዳ ከሆነ 3 ሊትር ይያዙ። ቀይና ቢጫ ሸፍነው የመያዝ ጉልበታቸው ደካማ ስለሆነ ሦስተኛ ዙር ሊጠይቁ ይችላሉ። ከቀይ በታች ግራጫ መሠረት ቢቀባ የቀዩን ዙር ይቀንሳል።

ቀለሙን በአንድ ጊዜ ይግዙ። በእጅ የተበጠበጠ ቀለም ከዚያው ሱቅ በሳምንቱ ቢሄዱ አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም። የሚፈልጉትን ጨርቅ ቁራጭ ይዘው ይሂዱና እሱን ያሳዩ፤ «ቢጫ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ኦይል ቀለም ሲገዙ ሊድ የሌለው መሆኑን ይጠይቁ። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ከቀለሞችም ደማቅ ቢጫና ቀይ ኦይሎች ላይ ሲገኝ የኖረ ነው፤ አገራችንም መጠኑ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታ ወስናለች። አሮጌ ኦይል ቀለም ሲፈገፍጉ በዚሁ ምክንያት ግድግዳውን አርጥበው ይሥሩ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ልጆችን ያርቁ።

ሥራው ሲጀመር ስንጥቁን በስቱኮ ይድፈኑ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ኦይል ቀለሙን ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ይፈግፍጉት፤ ያለዚያ አዲሱ አይይዝም። ኖራ ከሆነ በደረቅ ብሩሽ የሚራገፈውን ሁሉ ያራግፉ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ያንሡ፣ ሲደርቅ በውሃ በቀጠነ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም አንድ ዙር ያጠጡት። ከዚያ ጠርዙን በፔኔሎ፣ ሰፊውን በሩሎ። የጎን ግድግዳ እንዳይነካ ወረቀት ስኮች ይለጥፉ፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም ይንቀሉት። ፕላስቲክ ቀለም በሁለት ዙር መካከል ጥቂት ሰዓታት ይበቃዋል፤ ኦይል ግን ማደር አለበት። ኦይል በተቀባ ክፍል ውስጥ የዚያን ዕለት አይተኙ። የተረፈውን በትንሽ ጠርሙስ አሽገው ያስቀምጡ፣ ጭረት ሲገኝ ለመንካት።

ሲለቁ

እዚህ ላይ ከመጀመሪያው መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ኖራ የነበረ ግድግዳ በፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ በኋላ ወደ ኖራ አይመለስም፤ ኖራ በፕላስቲክ ቀለም ላይ አይጨብጥም። የሚመለሰው በነጭ ፕላስቲክ ቀለም ነው። ይህን ለአከራይዎ በፈቃዱ ቀን ይንገሯቸው፣ በወረቀቱም ላይ ይስፈር። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቀይ ወደ ነጭ ሲመለስ በሁለት ዙር ላይሸፈን ይችላል፤ ለሦስት ዙር የሚበቃ ነጭ ቀለም ዋጋ ከአሁኑ ያስቡ። የሚስማር ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው፣ አለስልሰው፣ ነጩን ነካ ያድርጉበት።

አንዳንድ አከራይ ሲያዩት ወደውት «እንዳለ ይቅር» ይላሉ። ያኔም ቢሆን ይህንኑ በጽሑፍ ይቀበሉ።

በዚያች ክፍል ከስድስት ወር በላይ የሚቆዩ ከሆነ መጀመር ያዋጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ፤ በዚህ ደመወዝ የበሩን መጋረጃ፣ በሚቀጥለው የራስጌውን ጨርቅ፣ ከዚያ ስፌቱን። ወደ ደሴ ከመሄድዎ በፊት ግን ግድግዳውንና በሩን በሜትር ለክተው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይያዙ፤ ሱቅ ደርሰው በግምት የሚገዙት ጨርቅ ወይ ያጥራል ወይ ይተርፋል።